«አዲሱ ያሸንፍ» የሚለው ፍርድ

ባለፈው ወር በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተነሣውን ክርክር የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ላልሰማችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ መጽሔት ጽሑፎች በሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣሉ። አንደኛው በማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ ተገትሮ የሚውለው አሮጌ ማሽን ነው፤ ሁለተኛው አዘጋጃችን ከመኝታ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ምግብ አዳራሽ ይዞት የሚዞረው ላፕቶፕ ነው። ሁለቱ እንዲመሳሰሉ ዩኒሰን የሚባለውን ፕሮግራም ጫንባቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «ይህ ፕሮግራም ጥያቄ ያበዛል፤ አዲሱ ፋይል ያሸንፍ ብለን አንድ ጊዜ አዝዘነው ለምን አንገላገልም?» አለ። አብዛኛው ሰው አጨበጨበ። እኔ ተቃወምሁ፤ በድምፅ ብልጫም ተረታሁ። በድምፅ ለተረታ ሰው የሚቀረው ብዕሩ ነውና ይኸው ጻፍሁ።

ነገሩ ጥቂት ፋይሎችን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው የማጓጓዝ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእናንተንም ጊዜ የማኅበሩንም ወረቀት ባላባከንሁ ነበር። ነገር ግን በዚህ ግቢ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ የማይዞር ተማሪ ማን ነው? በፍላሹ ውስጥ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «ፋይናል የመጨረሻው»፣ «ፋይናል አማካሪዬ ያረመው» የሚሉ አራት ፋይሎች የሌሉትስ ማን ነው? ከአራቱ የትኛው እውነተኛው የመጨረሻ እንደ ሆነ ባለቤቱ ራሱ ምሎ መናገር አይችልም። ወላጆቻችን በሬ ሸጠው ላኩን እንላለን፤ የበሬው ዋጋ ግን ቁልፍ በሚያህል ፕላስቲክ ውስጥ፣ በኪሳችን ከሳንቲምና ከስክርቢቶ ጋር ሲንኳኳ ይውላል።

አስቀድሜ ስለ ጽሑፉ አንድ ነገር ላስታውቅ። የፕሮግራሙን ትእዛዞች እዚህ የጻፍኋቸው በንባባቸው ነው። ማሽኑ ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል፣ ከፊታቸው አንዲት ጭረት አድርጋችሁ ነው።

ዩኒሰን በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ቤንጃሚን ፒርስና በባልደረቦቹ እጅ የተሠራ ነው። ዋጋ አይከፈልበትም፤ ምንጩም ለሁሉ ክፍት ነው። በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ላይ ይሠራል። ስለ እነዚህ ሰዎች እኔን ደስ የሚያሰኘኝ አንድ ነገር አለ። ፒርስ ከባላሱብራማንያም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ጽሑፍ ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ ፋይል አመሳሳይ ማለት ምን ማለት ነው የሚል። በ2004 ደግሞ ከጄሮም ቩዮን ጋር ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ሁኔታ ምን ማድረግ እንዳለበት በሒሳብ ቋንቋ ጽፈው አወጡ። ማለትም ሰዎቹ ዳኛ ከመሾማቸው በፊት ሕጉን ጻፉ። እኛ ግን በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ጭብጨባ፣ ሕጉን ሳናነብ ፍርዱን ሰጠን።

በሁለት ወገን ማመሳሰል የሚከብደው ለምንድር ነው? የዕቁብ ጸሐፊ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንድ ዕቁብ ሁለት ጸሐፊዎች አሉት እንበል፤ እያንዳንዳቸውም የአባላቱን ዝርዝር ለየብቻ ይዘዋል። በአንደኛው ወረቀት ላይ የአንዲት ሴት ስም አለ፤ በሁለተኛው ላይ የለም። ይህች ሴት በመጀመሪያው ጸሐፊ ዘንድ አዲስ የገባች ናት? ወይስ በሁለተኛው ዘንድ ወጥታ የተሰረዘች? ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ብታፈጡባቸው መልሱን አታገኙትም። መልሱ ያለው በሦስተኛ ወረቀት ላይ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ጸሐፊዎች ባለፈው ጊዜ ተገናኝተው የተስማሙበት ቃለ ጉባኤ ነው። ስሟ በቃለ ጉባኤው ውስጥ ካለ ተሰርዛለች ማለት ነው፤ ከሌለ አዲስ ገብታለች።

ዩኒሰን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሁለቱም ማሽኖች ላይ በስውር ፎልደር ውስጥ የራሱን ቃለ ጉባኤ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠሩት እያንዳንዱን ወገን ከቃለ ጉባኤው ጋር ያስተያያል። አንዱ ብቻ ተለውጦ ከሆነ ለውጡን ወደ ሌላው ያሻግራል። ሁለቱም በየፊናቸው ተለውጠው ከሆነ ግን ያ ጠብ ነው። በጠብ ጊዜ ዩኒሰን በሁለቱ ስሞች መካከል የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ቆሞ ይጠብቃል። ጓደኞቼ «ጥያቄ ያበዛል» ያሉት ይህን መቆም ነው። እኔ ደግሞ የፕሮግራሙ ትልቁ ጨዋነት ይህ መቆሙ ነው እላለሁ።

ቃለ ጉባኤ የሌለው ማመሳሰል ምን እንደሚመስል ለማየት አንዳንድ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በአርሲንክ የሚሠሩትን መመልከት ይበቃል። አርሲንክ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ለዓለም ያቀረቡት እጅግ ጎበዝ ፕሮግራም ነው። የፋይሉን የተለወጠ ክፍል ብቻ መርጦ ስለሚልክ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ተማሪ ባለውለታ ነው፤ ዩኒሰንም ይህንኑ ዘዴ ተበድሯል። ነገር ግን አርሲንክ ባለ አንድ መንገድ ነው፤ ከዚህ ወደዚያ። ልጆቻችን ታዲያ አንድ ጊዜ ወደዚያ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ ያስኬዱትና «ይኸው በሁለት ወገን ተመሳሰለ» ይላሉ። አልተመሳሰለም። ትናንት ያጠፋችሁት ፋይል ከወዲያኛው ማሽን ተመልሶ ይመጣል፤ ብታጠፉት ነገም ይመጣል፤ እንደ ተቀበረ ሙት በየማታው በር ያንኳኳል። ይህን ለማስቀረት «ዲሊት» የሚለውን አማራጭ ሲጨምሩበት ደግሞ በወዲያኛው ማሽን ላይ አዲስ የተጻፈው ሁሉ ይጠረጋል። ጥፋቱ የአርሲንክ አይደለም፤ ያልተሠራበትን ሥራ ለሰጡት ሰዎች ነው።

አሁን ወደ አማራጮቹ ልግባ፤ የክርክራችን ሥር እዚያ ነውና።

«ኦቶ» የሚለው አማራጭ ጠብ የሌለበትን ሁሉ ሳይጠይቅ ይቀበልና ለጠቡ ብቻ ይጠይቃል። አብዛኛው ተማሪ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። «ባች» የሚለው ምንም አይጠይቅም፤ ጠብ ያለበትን ግን ሁለቱንም እንዳሉ ትቶ ያልፋል። ብዙዎች ባችን ይፈሩታል፤ በራሱ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ክፋቱ እኛ ዘንድ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ የሚመልሰውን ቁጥር አናነብም። ዜሮ ከሆነ ሁሉ ተመሳስሏል። 1 ከሆነ የተዘለለ ነገር አለ። 2 ከሆነ አንዳንድ ፋይል ሳይሻገር ቀርቷል፤ 3 ከሆነ ሥራው ከነጭራሹ ተቋርጧል። 1 የሚለውን ቁጥር ለአንድ ወር ሳያይ የኖረ ሰው፣ ለአንድ ወር ሁለት ልዩ ልዩ መጽሔት ሲያዘጋጅ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሁለቱ አማራጮች ናቸው የሚያጣሉን። «ፕሪፈር» በጠብ ጊዜ ለማን እንደሚፈረድ አስቀድሞ ይናገራል፤ የአንዱን ማሽን ስም ልትሰጡት ትችላላችሁ፣ ወይም «ኒወር» ብላችሁ በኋላ የተለወጠው ያሸንፍ ልትሉት ትችላላችሁ። ጓደኞቼ በጭብጨባ ያጸደቁት ይህን ነው። «ፎርስ» ግን ሌላ ነው። ፎርስ ጠብ በሌለበትም ቦታ ይፈርዳል። የጠራችሁት ማሽን ያለው ሁሉ ትክክል፣ በሌላው ላይ የተጻፈው ሁሉ ስሕተት ይሆናል፤ አዲሱ ፋይል ይጠፋል፣ የታረመው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ያን ጊዜ ዩኒሰን አመሳሳይ መሆኑ ይቀርና መስተዋት ይሆናል። የፕሮግራሙ መመሪያ ራሱ በዚህ አማራጭ እንድንጠነቀቅ ያስጠነቅቃል። እኔ መመሪያውን ያነበብሁት ካጠፋሁ በኋላ ነው።

እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ፤ በስብሰባው ላይ አፍሬ ያልተናገርሁት ይህን ነው። በሦስተኛ ዓመቴ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በአንድ ክፍል እኖር ነበር። ከቡና ገበሬዎች ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ እየጻፈ ነበር፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ። በላፕቶፑና በላቦራቶሪው ማሽን መካከል የሚያመሳስልለት እኔ ነበርሁ፤ እንዲያውም በዚህ እኮራ ነበር። አንድ ማታ የላቦራቶሪው ጠባቂ መቁጠሪያውን እያንቀጫቀጨ በር ላይ ቆሟል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ይጠይቀኛል። ቸኮልሁ። ባችና ፎርስን አንድ ላይ ጻፍሁ፤ የላቦራቶሪውንም ማሽን ስም ሰጠሁት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ጠባቂውን አመስግኜ ወጣሁ።

በላቦራቶሪው ማሽን ላይ የነበረው ምዕራፍ የ11 ቀን አሮጌ ነበር። በላፕቶፑ ላይ የነበረው አዲሱ በአሮጌው ተተካ። ምንም ጠብ አልነበረም እኮ! ኦቶ ብዬ ብተወው ኖሮ አዲሱን ወደ ላቦራቶሪው ያሻግረው ነበር፤ እኔ ነኝ በግድ ያስገለበጥሁት። መጠባበቂያ አላዘዝሁም ነበርና የሚመለስ ነገር አልተገኘም። በማግሥቱ ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ «መብራት ሳይጠፋ ልጀምር፤ አንተ ማስታወሻ ደብተሩን አንብብልኝ» አለኝ። ሰባት ሌሊት አነበብሁለት። ገበሬዎቹ ከተናገሩት ውስጥ በደብተሩ ላይ ያልሰፈረ፣ ከትዝታው ብቻ የጻፈው ክፍል ነበር፤ እርሱ ሁለተኛ አልተመለሰም።

«ይህ የፎርስ ጥፋት ነው፤ እኛ ያልነው ፕሪፈር ኒወር ነው» ትሉኛላችሁ። መልካም። እንግዲህ «ኒወር» ማለት ምን እንደ ሆነ እንይ። ፕሮግራሙ አዲሱን የሚለየው በፋይሉ ላይ በተጻፈው ሰዓት ነው፤ ስለዚህም «ታይምስ» የሚለው አማራጭ አብሮ ካልተሰጠው አይሆንም። ሰዓቱን የጻፈው ማን ነው? የማሽኑ ሰዓት ነው። የማሽኑን ሰዓት ያስተካከለውስ?

በማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማሽን ታውቁታላችሁ። በውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታህለው ባትሪ ከሞተች ቆይታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ ራሱን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተወልዶ ያገኘዋል። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ልነግራችሁ አያሻም። በዚህ ማሽን ላይ ዛሬ ጠዋት የተጻፈ ርእሰ አንቀጽ ከአሥር ዓመት በላይ ያረጀ መስሎ ይመዘገባል፤ ከእርሱ ጋር ሲወዳደር ባለፈው ዓመት በላፕቶፑ ላይ የተነካ ማንኛውም ነገር «አዲስ» ነው። ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ቀን አንዱ ቅን ሰው የማሽኑ ቀን መሳሳቱን አይቶ አስተካከለልን። ያስተካከለውም በእኛው ዘመን አቈጣጠር ነበር! ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ቀረን። ሰዓቱንም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብሎ ሞላው፤ ማሽኑ ሌሊት መሰለው። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ለእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ነገር ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ የተመሠረተ ፍርድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ደግሞም ሰዓቶቹ ሁሉ ልክ ናቸው እንበል። በኋላ የተጻፈ ሁሉ የተሻለ ነው ያለው ማን ነው? አዘጋጁ ሌሊቱን ተቀምጦ አንድን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያርማል። በማግሥቱ ሌላው ከቁርስ በኋላ በማኅበሩ ማሽን ላይ ያንኑ ጽሑፍ ከፍቶ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨምሮ ይዘጋል። በኒወር ፍርድ ነጠላ ሰረዟ ሌሊቱን ሙሉ የተሠራውን ሥራ ታሸንፋለች። በአገራችን ባላጋራዎች ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ዳኛ ፊት በሚቀርቡበት ዘመን እንኳ፣ በኋላ የደረሰው ይርታ የሚል ሕግ መኖሩን አልሰማሁም።

እግረ መንገዴን ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ላንሣ። ማሽኑ ጠብ የሚያየው አንድ ስም ባላቸው ፋይሎች መካከል ነው። እኔ ፋይሌን «ጽሑፍ» ብዬ በጸሎተኛው ጸ እጽፈዋለሁ፤ ሌላው «ፅሁፍ» ይለዋል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለዩኒሰን ግን ሁለት የማይተዋወቁ ፋይሎች ናቸው። ጥያቄም አይጠይቅም፣ ጠብም አይታየውም፤ ሁለቱንም ወደ ሁለቱም ማሽን ይገለብጣል። በአንዱ ላይ አንዱ፣ በሌላው ላይ ሌላው ሲጽፍ ይከርማል። የሚበጀው ፋይሎቹን በቁጥርና በአጭር ስም መሰየም ነው። ስለ ሥርዓተ ጽሕፈት የሚደረገው የቆየ ክርክር እስከ ፋይል ስም ድረስ ይከተለናል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

የተቃዋሚዎቼ ሐሳብ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። «በሌሊት፣ ሰው በሌለበት፣ ማሽኑ ራሱ ይሥራ» የሚለው ተገቢ ነው፤ ለዚህም ባች ብቻውን ይበቃል፤ ጠቡን እስከ ጠዋት ያቆየዋል። ማሽን ራሱ ለሚፈጥራቸው፣ ቢጠፉም ተመልሰው ለሚሠሩ ፋይሎች «ፕሪፈር ፓርሻል» በሚለው አማራጭ ለእነርሱ ብቻ አስቀድሞ መፍረድ ይቻላል። የግድ ኒወር ይሁን ካላችሁ እንኳ «ኮፒ ኦን ኮንፍሊክት» የሚለውን ጨምሩበት፤ የተረታውን ፋይል ቅጂ ያስቀምጥላችኋል። በስብሰባው ላይ ይህን አንድም ሰው አላነሣውም፤ እኔም ጭምር።

ሌሎች ደግሞ፣ «በዚህ ዘመን ምን ያደክማችኋል፤ ፋይሉን በኢንተርኔት ላይ አስቀምጡትና እረፉ» ይላሉ። ድሮፕቦክስን የመሰሉት አገልግሎቶች በጠብ ጊዜ ሁለቱንም ፋይል አስቀምጠው አንዱን የተጋጨ ቅጂ ብለው ይሰይሙታል፤ ይህም ከእኛ ጭብጨባ የተሻለ ሕግ ነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቈይ ጽሑፋቸው በዚያ የቀረባቸውን ሰዎች ጠይቋቸው። ዩኒሰን በሁለት ማሽኖች መካከል በተዘረጋ አንድ ኬብል ይሠራል፤ በፍላሽም ላይ ይሠራል። ፍላሹ ፋት በተባለው አሠራር የተሰናዳ ከሆነ «ፋት» የሚል አማራጭ ተዘጋጅቶለታል። ፎልደሮችን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ኢግኖር» በሚለው አማራጭ የሾርትከት ፋይሎች እንዳይሻገሩ ማድረግ ይቻላል። ቫይረሱን አይገድለውም፤ ሾርትከቶቹን ግን ተሸክመን ወደ ጎረቤት አናደርስለትም።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ተመልሶ እንዲታይልኝ የምጠይቀው ይህን ነው። ሰው ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ በኦቶ ይሥራ፤ ማታ በባች ይሥራ፤ ፕሪፈር ኒወር ይውጣ። «ባካፕ» የሚለው አማራጭ ለሁሉም ፋይል ይታዘዝ፤ ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ የሚያስቀምጠው ሁለት ቅጂ ነውና «ማክስ ባካፕስ» በሚለው ወደ 10 ከፍ ይበል። «ኮንፈርም ቢግ ዴል» የሚለውን ማንም እንዳይነካው። ይህ አማራጭ አንድ ወገን ሙሉ በሙሉ የጠፋ ሲመስለው፣ ለምሳሌ ፍላሹ ሳይሰካ ቀርቶ ባዶ ፎልደር ሲያገኝ፣ ጥፋቱን ወደ ሌላው ከማሻገሩ በፊት ቆሞ ይጠይቃል፤ በባች ጊዜም ሥራውን ያቋርጣል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው «አሰልቺ ነው» ብሎ ሊያጠፋው ሲል እጁን ይዣለሁ። የባትሪዋ ዋጋም ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈል።

በሁለቱ ማሽኖች ላይ ያሉት የዩኒሰን እትሞችም መተያየት ይኖርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 2.52 ከሚባለው እትም በፊት የነበሩት እትማቸው ካልተመሳሰለ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ የማኅበሩ ማሽን ያለው አሮጌው ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ እገኛለሁ፤ አዲሱን እትም በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ። የኔትወርክ ኬብል ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ የእኔ በአንድ ጫፉ ተሰብሯል። የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘውን ፍላሽ የሚያመጣም ካለ፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጦት ይምጣ።